እሳቱ የወጣለት በርበሬ

እታገኝ ከዝቋላ ቆላ ወደ ደጋው ስትዳር ይዛው የመጣችው ሀብት በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ የተሰፋ የበርበሬ ፍሬ ብቻ ነበር። ጠርዙን የጠቀመችው እናቷ ናት።

«ደገኛ በርበሬን ከገበያ እንጂ ከጓሮው አይጠብቅም» አለቻት ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «አንቺ አብቅለሽ አሳያቸው። ሰው በባዳ አገር የሚከበረው በሚሰጠው ነው። እጅሽ ባዶ የሆነ ቀን ባዳ መሆንሽ ትዝ ይላቸዋል።»

የባሏ የጓንጉል መንደር ከሰቆጣ ከተማ ወንዝ ተሻግሮ፣ ነፋስ የማይለየው አፋፍ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የዘራችውን ውርጭ አቃጠለባት። ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ በደጇ ሲያልፉ የጠቆረውን ችግኝ አይተው በአገውኛ እየተጠቃቀሱ ሳቁ። አገውኛ እሷም ታውቃለች፤ ግን የእሷ የቆላ ነውና መልስ ስትሰጥ በአነጋገሯ ደግሞ ሳቁ።

በሁለተኛው ዓመት ብልሃቱን አገኘችው። ፍሬውን ለብ ባለ ውኃ አሳድራ፣ በጨርቅ ቋጥራ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው። ነጭ ጫፍ ሲያወጣ በተሰበረ ጋን ገል ላይ አፈር፣ አመድና የፍየል በጠጥ ቀላቅላ ዘራችው። ቀን ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ ሲመሽ ገሉን እንደ ሕፃን አቅፋ ቤት ታስገባዋለች። የሰኔ ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው የከሰዓት ፀሐይ በምትመታው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ተከለችው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ ለተክሉ ይመልስለታል።

«ጓንጉል፣ ሚስትህ ካንተ ይልቅ ግድግዳህን ነው የወደደችው ይባላል» አለው የመንደሩ ጭቃ ሹም ወልደ ጻድቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «በርበሬውን ሲመሽ አቅፋ ታስገባዋለች፤ እኔ በእግሬ ነው የምገባ።»

በኅዳር ግድግዳው ሥር እንደ ፍም ቀላ። ከዚያ ወዲህ የቀለደ ሁሉ በየተራው መጣ። ቀድሞ የመጣው ራሱ ጭቃ ሹሙ ነው፤ ጉንጩ አብጦ፣ ነጠላውን ከአገጩ እስከ አናቱ አስሮ። እታገኝ የተወቀጠ በርበሬ በጥጥ ጠቅልላ በተቦረቦረው ጥርሱ ላይ አስነከሰችው። «ገደለችኝ ቆለኛዋ!» ብሎ መንደሩን ቀሰቀሰ። ወዲያው ደግሞ እዚያው መደብ ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ከታመመ ጀምሮ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም ነበር።

ለጉንፋን ከማርና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ትለውሰዋለች። ለተያዘ ወገብ በቅቤ አዋህዳ ታሽበታለች፤ ሆዱን ለቆረጠው በትኩስ የተልባ ውኃ ትሰጠዋለች። ዶሮዎች ፈንግል ሲገባባቸው ሴቶቹ ዶሯቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ፤ እሷም በርበሬ የተለወሰበት እንጀራ እየጠቀለለች በምንቃራቸው ትጨምራለች። አንዳንዷ ትድናለች፤ አንዳንዷ ትሞታለች። መድኃኒት በርበሬ አይሸጥም፤ በልመና ነው የሚወሰደው። ለለመነ አለመስጠትም ነውር ነው። እሷ ግን አንዳንዱን ትመልስ ነበር። ዓይኑን ለታመመ፣ ደም ለሚያስቀምጠው፣ ይልቁንም ትንፋሽ ላጠረው «ለዚህ አይሆንም» ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ለምን እንደሆነ የምታውቀው ከልጅነቷ ነው። ዝቋላ ሳለች ታናሽ ወንድሟ ተስፋው ጎኑን ወጋኝ ብሎ ተኛ። ትንፋሹ ሲቆራረጥና ሲቃዥ ቡዳ በላው ተባለና በበርበሬ አጠኑት። እግሩን እንድትይዝ የታዘዘችው እሷ ነበረች። የበላውን ሰው ስም አልተናገረም። እግሩ በእጇ ውስጥ መራገጡን ሲያቆም ቡዳው የለቀቀው መስሏት «ተሻለው» ብላ የጮኸችውም እሷ ናት።

መውቀጡና ማመሱ ዋጋ አስከፈላት። አፏን በነጠላ ብትሸፍንም ዓይኗን የምትሸፍንበት አልነበራትም። ሲውል ሲያድር የዓይኗ ነጭ ቀላ፤ ክረምት ከበጋ ሳይለቅ እንደቀላ ቀረ። ልጅም አልወለደችም። ይኼን ሁለቱን ነገር መንደሩ ያውቀዋል፤ እጇ ባዶ ስላልነበረ ግን ማንም ፊት ለፊቷ አላነሳውም።

ጎረቤቷ አበዛሽ ናት። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ እሱም መሐል ላይ ተደርምሶ መተላለፊያ ሆኗል። በተቃጠለው ችግኝ ከሳቁት አንዷ አበዛሽ ነበረች። በማግስቱ ግን ገል ተሸክማ መጥታ «ሳቄን መልሽና ፍሬ ስጪኝ» አለቻት። የአበዛሽ በርበሬ አልበቀለም፤ ወዳጅነቱ ግን በቀለ። አበዛሽ ሁለት ልጅ ከቀበረች በኋላ ጥሩሐረግን ስትወልድ እትብቷን የቋጠረችው እታገኝ ናት።

ጥሩሐረግ ድክ ድክ ማለት ከጀመረች ወዲህ ውሎዋ በርበሬው ሥር ሆነ። ሲቀላ ወፍ ይለቅመዋል፤ እሷ የዘይት ቆርቆሮ በድንጋይ እየደበደበች «እሽ! እሽ!» ትላለች።

«እታለም፣ ወፎቹ አፋቸውን አያቃጥላቸውም?»

«ወፍ ሰው አያማም። የሚያማ አፍ ነው የሚቃጠል።»

«እማዬን ግን ያቃጥላታል።»

«አየሽ!» ስትል እታገኝ፣ አበዛሽ ከካቡ ማዶ «ምን አልሽ አንቺ ቆለኛ!» ትላለች።

በየዓመቱ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ስትመርጥ እታገኝ በጥፍሯ ሰንጥቃ ፍሬውን፣ ፍሬው የተጣበቀበትንም ነጭ ጅማት አውጥታ ለብቻ ታኖራለች። የበርበሬ እሳት ያለው እዚያ ጅማት ላይ ነው። የሚቀረው ቅርፊት ቀለም እንጂ ቁጣ የለውም። ያን ቅርፊት በቅል ታጠራቅምና ለጥሩሐረግ ወጥ ለአበዛሽ ትሰጣታለች። ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው ቀይ ወጥ በላሁ ብላ ትኮራለች፤ ሁለቱ ሴቶችም አይነግሯትም።

ልጅቷ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲመታት ውላ ማታውን ተንቀጠቀጠች። በማግስቱ ጎኔን አለች። በሦስተኛው ቀን እታገኝ ገብታ ስታያት የአፍንጫዋ ቀዳዳ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ይከፈትና ይከደናል፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ተከፍቶ ሰው አያይም፤ አልፎ አልፎ «እሽ» ትላለች።

እታገኝ ይኼን ትንፋሽ አወቀችው። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ማር በውኃ በጥብጬላት አልወርድ አላት» አለች አበዛሽ። «በርበሬ ላድርግበት?»

«እንዳታደርጊ። ሰቆጣ ይውሰዷት። ክሊኒኩ መርፌ አለው።»

የልጅቷ አባት ፈንታሁን ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። «ወንዙን አላየሽውም? ትናንት በሬ ወስዷል። ቃሬዛ ተሸክሞ ማን ይሻገራል?»

«ሲጎድልስ?»

«ሲጎድልማ ማን ቦዘነ።»

ወንዙ አልጎደለም። በአራተኛው ቀን የፈንታሁን ታላቅ ወንድም ገብረ አማኑኤል ከላይኛው መንደር መጣ። ገብረ አማኑኤል ክፉ ሰው አይደለም። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የታመመ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ደጅ የሚያወልቅ ሰው ነው። ቡዳ በማስለፍለፍ የታወቀ ነበር። ልጅቷን አያት፤ ቅዠቷን አዳመጠ፤ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ይዞ ቆየ።

«ይቺ ልጅ ተበልታለች» አለ። «ስትበላ ቆይታለች። እናንተ ዝናብ ትላላችሁ።»

አበዛሽ መሬት ላይ ተደፋች። «ወይ ልጄን! ማን ነው? ማን ነው አያ ገብረ አማኑኤል?»

«እኔ ምን አውቄ። ራሱ ይናገር የለ። በርበሬ ለምኑ።»

በርበሬ ለመለመን ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። አበዛሽ በካቡ መተላለፊያ አልፋ መጣች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወድቋል።

«እታገኝ፣ ስለ ማርያም።»

እታገኝ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። «አይሆንም፣ አበዛሽ። ትንፋሽ ያጠረውን ጭስ ይገድለዋል። ወንድሜ…»

«የአንቺ ወንድም ሌላ፣ ልጄ ሌላ። እሱን ቡዳው ገድሎት ሄደ፤ የእኔዋን ገና አልገደላትም።» ጉልበቷ ላይ ወደቀች። «ለለመነ አትከልክይ። አንቺ ካልሰጠሽኝ ሰው ምን ይላል? እኔስ ምን ልበል?»

የመጨረሻውን ቃል አበዛሽ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ዓይኗን ግን ከእታገኝ ዓይን አልነቀለችም። እታገኝም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ዓይን ምን ያህል እንደቀላ ተሰማት።

«ተነሽ» አለቻት። «ሂጂ ፍሙን አዘጋጂ። ይዤ እመጣለሁ።»

አበዛሽ ስትወጣ እታገኝ ወደ ጎተራው ጥግ ሄደች። ዛላው በክር ተሰክቶ ከጣሪያው ማገር ተንጠልጥሏል፤ ደረቅ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ። ከሥሩ የጥሩሐረግ ወጥ የሚሠራበት ቅርፊት ያለበት ቅል አለ። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ መለሰችው። ቅሉን ከፍታ ቅርፊቱን በሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ቀይ ነው። ሽታውም የበርበሬ ነው። የተሰነጠቀውን በጥፍሯ እየገጠመች ዛላ አስመሰለችው። የሚያስል ነገር እንዲኖረው ብላ ከላይ ካለው ጥቂት ጨመረችበት፤ መልሳ ደግሞ ከጨመረችው ላይ አነሳች።

ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጭቃ ሹም ወልደ ጻድቅ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ጓንጉል በሩ አጠገብ ቆሟል። ገብረ አማኑኤል ከእታገኝ እጅ ሰፌዱን ተቀብሎ በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ። ልጅቷን አባቷ ከጀርባዋ ደግፎ አስቀመጣት፤ ጋቢ ከላይዋ ተጣለ፤ ፍሙ ያለበት ገል ከጋቢው ሥር ገባ። ገብረ አማኑኤል ከሰፌዱ ዘግኖ በተነበት።

«ማን ነህ?» አለ ቀስ ብሎ። «ከወዴት መጣህ?»

ጭሱ በጋቢው ጠርዝ ወጣ። የቆሙት ሰዎች ለማሳል አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጥቂቶች አሳሉ። ጭቃ ሹሙ አንዴ አነጠሰ፤ በቃ።

«የት አገኘሃት? ምን ትሻለህ? ተናገርና ልቀቃት!»

ከጋቢው ሥር ትንሽ ሳል ተሰማ፤ ያው የሕመሟ ሳል። ገብረ አማኑኤል ሌላ ዘገነ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ቆሞ ይተነፍሳል። በርበሬ በሚታጠንበት ቤት በር ያልበረገደ፣ ወደ ደጅ ያልሮጠ ሰው ኖሮ አያውቅም። እታገኝ በልቧ ትለምናለች። ትንሽ ብቻ፤ ትንሽ ይጠይቅና ይሰልች፤ ወንዙ ይጉደል።

ገብረ አማኑኤል ጋቢውን ገለጠው። ልጅቷ እንባ በጉንጯ ወርዷል፤ ከዚያ በቀር ያው ናት። ሰፌዱን አየ። አንድ ዛላ አንስቶ በጥርሱ ሰበረ። አኘከ። ሰዉ አፉን ያያል። ፊቱ አልተለወጠም፤ ውኃም አልጠየቀም።

«ይኼ በርበሬ እሳቱ ወጥቷል» አለ።

አበዛሽ ተሻምታ አንዱን አነሳች። የተሰነጠቀበትን በጣቷ ከፍታ ውስጡን አየች፤ ፍሬ የለውም፤ ጅማት የለውም። ይኼን ቅርፊት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«የልጄ ወጥ በርበሬ ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነበር። «እታገኝ? ይኼ እኮ የወጡ ነው። ተሳስተሽ ነው አይደል? ተሳስቼ ነው በይ።»

ተሳስቼ ነው ብትል ኖሮ ሌላው ይመጣ ነበር፤ ጎተራው ጥግ ላይ ሙሉ ክር ተንጠልጥሏል።

«የቡዳ በርበሬ በጌታው ላይ አይመሰክርም» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ዓይኗን ተመልከቱ እስቲ።»

«መካን አይደለች? በሰው ልጅ ላይ ዓይኗን ጥላ ነው የከረመች። እታለም ታሰኛት የለ እንዴ!»

«ኧረ ተዉ!» አለ ጓንጉል ከበሩ። «ሚስቴ ናት! እኔን ሳትበላ የእናንተን ልጅ ትበላለች?»

ማንም አልሳቀም። ጭቃ ሹሙ እጁን አነሳ። «እታገኝ» አለ። «ጥርሴን አድነሽኛል፤ አልክድሽም። ለምን እንደዚህ እንዳደረግሽ ተናገሪ።»

«ጭስ ይገድላታል፣ ጌታዬ። ሕመሟ የሳንባ ነው። ተስፋው እንደዚህ ነው የሞተብኝ። እንዳትታፈን ብዬ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

«አውቀሽ ነዋ» አለ ገብረ አማኑኤል። አልጮኸባትም። «ስሙ እንዳይወጣ አውቀሽ።»

«እንዳትታፈን።»

«እሺ። እንግዲያውስ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም የአገሩ ሰው ያውቃል።» ወደ ፈንታሁን ዞረ። «ሂድና ከቤቷ ዋናውን በርበሬ አምጣ። ክሩን እንዳለ። እሱ ያስለፈልፈዋል።» እንደገና ወደ እታገኝ ዞረ። «ወይም የያዝሻት አንቺ ከሆንሽ እንትፍ በይባትና ልቀቂያት። ቡዳ ከተፋ ይለቃል። ከተፋሽ ማንም በዱላ አይነካሽም፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ።»

ፈንታሁን ልጁን ለአበዛሽ አቀብሎ ተነሳ።

እታገኝ ልጅቷን አየች። የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ይከደናል። ተጋድሞ የነበረው እግሯ ከጋቢው ሥር ወጥቷል፤ ውስጥ እግሯ ላይ የበርበሬው ሥር ጭቃ አሁንም ደርቆ ተለጥፏል፤ ከታመመች ወዲህ አላጠቧትም። ቀጭን እግር ነው። የተስፋው እግር በእጇ ውስጥ እንዴት እንዳለቀ ትዝ አላት፤ መጀመሪያ ጠንካራ፣ ከዚያ እንደ እርጥብ ልብስ።

ካልተፋች ፈንታሁን ክሩን ያመጣል፤ ልጅቷም ታልቃለች። ከተፋች እታገኝ የምትባል ሴት በዚህ አገር አትኖርም። ባሏን አየችው። ጓንጉል ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፤ ተይ ማለቱ ነው። ፈንታሁን ደፉን ተሻግሮ ነበር።

«ተመለስ» አለችው።

ሰዉ ገለል አለላት። ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። አፏ ደርቆ ምራቅ አጣች፤ ምላሷን ነክሳ እስኪመጣ ጠበቀች። አበዛሽ ልጇን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«እንትፍ» አለች እታገኝ በግንባሯ ላይ። «እንትፍ። እንትፍ።»

ከኋላዋ ቤቱ በአንድ ትንፋሽ «ወዮ!» አለ። ስትነሳ መንገዱ ሰፊ ነበር፤ እስከ በሩ ድረስ ማንም ሊነካት አልፈለገም።

ንጋት ላይ ከካቡ ማዶ እልልታ ተሰማ። ልጅቷ አልቧት፣ ትኩሳቱ ለቋት፣ ውኃ ስጡኝ ብላ ነበር። እታገኝ ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠች ሰማችው። በዕድሜዋ ሁሉ እንደዚያ ያለ ደስታ አግኝታ አታውቅም። ለትንሽ ጊዜ ደስታው ብቻውን ነበር። ከዚያ ሌላው ደረሰ፤ ልጅቷ ብትሞት ኖሮ ሰዉ ምናልባት ገብረ አማኑኤልን ይጠራጠረው ነበር፤ አሁን ግን ከተተፋባት በኋላ ድናለች።

መንደሩ ቃሉን ጠበቀ፤ ማንም በዱላ አልነካትም። ጭቃ ሹሙ ለጥርሱ ያስቀመጠውን በርበሬ በቅጠል ጠቅልሎ ካቡ ላይ አኑሮላት ሄደ። እናቶች እሷ ስታልፍ የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ፈንግል በመስከረም ገባ፤ ዶሮው ሁሉ አለቀ፤ አንዲት ሴት እንኳ ዶሮ በብብቷ ይዛ አልመጣችም። የካቡ መተላለፊያ በድንጋይ ተደፈነ። ድንጋዩን የደረደረው ፈንታሁን ነው፤ አበዛሽ እያቀበለችው።

«እኔ አውቅሻለሁ» ይላታል ጓንጉል። «ሌላው የፈለገውን ይበል።» እውነቱን ነው፤ ሰው ፊት ሁሉ ይከራከርላት ነበር። አንድ ቀን ግን እራቱን አቅርባለት ጨው ልታመጣ ተነስታ ስትመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲጎርስ አገኘችው። ስትገባ አላያትም። ቁራሹን በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ ነበር። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም። አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው የሚያፍር ሰው ነው፤ እንዲያፍርባት አልፈለገችም።

በኅዳር በርበሬው ቀላ። እታገኝ ለዘር የሚሆነውን ብቻ ለቀመች። በጥፍሯ ሰንጥቃ ፍሬውን አወጣችና በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ለጓንጉል «እናቴን አይቼ ልምጣ» አለችው። እሱም «እሺ፣ እይና ነይ» አላት፤ ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ።

ጠዋት ስትወጣ ወደ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ አበዛሽ ቆማ ነበር። ልጅቷን በጀርባዋ ከልላለች። ከልጅቷ አንገት ክታብ ተንጠልጥሏል። አበዛሽ ፊቷን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍናለች፤ ርቀቷን ጠብቃ ነው የቆመችው።

«ሳትሄጂ ልንገርሽ ብዬ ነው» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

እታገኝ አልገባትም። «ስለ ምኑ?»

«ስለተውሽልኝ።» ልጅቷን ወደ ጀርባዋ ይበልጥ ገፋች። «የሞቱብኝን ሁለቱን ማን እንደበላቸው አላውቅም፤ አንቺም ብትሆኝ ይቅር ብዬሻለሁ። ይቺን ግን ተውሽልኝ። መጉረስ ትችዪ ነበር።»

አልበላኋትም የሚለው ቃል በእታገኝ ምላስ ላይ ደረሰ። አበዛሽ ታምናት ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ታለቅስና ካቡን ታፈርስ ነበር። ግን ክረምት ይመጣል። ልጅቷ ሌላ ዝናብ ይመታታል፤ ደረቷ ደካማ ነው። ገብረ አማኑኤልም ከላይኛው መንደር ጫማውን አውልቆ ይገባል። ያኔ እታገኝ የለችም።

ከአበዛሽ ጀርባ አንድ ዓይን ብቅ ብሎ አያት፤ ወዲያው ተሸሸገ።

«አበዛሽ፣ ስሚኝ» አለች እታገኝ። ለራሷም የእሷ ያልመሰላት ድምፅ ነበር። «እኔ የተውኳትን ማንም አይነካትም። ሌላ ቡዳ አይቀርባትም። ስትታመም ሰቆጣ ውሰዷት፤ ወንዝ ሞልቶ እንደሆነ እስኪጎድል ጠብቁ። በርበሬ እንዳታጥኗት። አንድ ዛላ እንኳ ፍም ላይ ብትጥሉባት…» እጇን ወደ ቆላው ዘረጋች። «ዝቋላ ሆኜ ይሸተኛል። ያኔ እመለሳለሁ፤ ስመለስም አልተውልሽም።»

አበዛሽ አማተበች። «አናጥናትም! በማርያም፣ አናጥናትም!»

«ማዪልኝ።»

«አጥኛት እንደሆነ ሁለቱን እንደቀበርኩ እሷንም ልቅበር!»

«ደህና» አለች እታገኝ።

ቁልቁለቱን ያዘች። ወደ ኋላ አልዞረችም፤ የምትሰማውን ግን ትሰማ ነበር። ግድግዳው ሥር ያልተለቀመው በርበሬ ላይ ወፎች ወርደው ይንጫጫሉ። ቆርቆሮ የሚደበድብ አልነበረም።